ጁፒተር ውስጥ ያለው እምብርት ጠጣር ነው ወይስ ሟሟ? የምታውቁ አስረዱኝ

ቾክ_እና_ሰሌዳ

ሰላም ለሁላችሁም። ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ግዙፎቹ የጋዝ ፕላኔቶች ስደርስ ሁልጊዜ ሰሌዳው ላይ የምስለው ስዕል አለ። ትልቅ ክብ፣ ውስጡ ሌላ ክብ፣ መሃሉ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ። ውጪው ጋዝ፣ ቀጥሎ ብረታዊ ሃይድሮጂን፣ መሃሉ የድንጋይ እምብርት። አሁን ተማሪዎቹ ራሳቸው ኢንተርኔት ላይ እያነበቡ «እምብርቱ ሟሟ ነው ይላሉ እኮ» ይሉኛል። ገብቼ ሳይ እውነትም ጁኖ የምትባለው መንኮራኩር ከደረሰች ወዲህ ነገሩ ተቀይሯል። ግን ያገኘሁት ሁሉ ወይ የሁለት መስመር ዜና ነው፣ ወይ በሂሳብ የታጨቀ ጥናት። መሃል ላይ ያለ ጽሑፍ ጠፋ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ውስጡ ምን ይመስላል? ደግሞስ ማንም ገብቶ ያላየውን ነገር እንዴት አወቁ? ሁለተኛው ይብስብኛል። ልጅ «እንዴት ታወቀ?» ብሎ ሲጠይቅ «ሳይንቲስቶች ናቸው ያሉት» ብሎ ማለፍ ደስ አይልም።

የምህዋር_ልጅ

መምህር፣ ስዕሉ ዕድሜው ገፍቷል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ከቀላሉ ልጀምር። ጁፒተር ላይ እግር የሚያሳርፉበት ቦታ የለም። ደመናው አካባቢ፣ ግፊቱ 1 ባር (ምድር ላይ ያለው የአየር ግፊት ያህል) በሆነበት ከፍታ፣ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 108 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከዚያ በታች በገባህ ቁጥር ይሞቃል፣ ይታፈጋል። ግን «ጋዙ እዚህ ጋ አለቀ፣ ፈሳሹ እዚህ ጋ ጀመረ» የምትልበት መስመር አታገኝም። ሃይድሮጂን ከዜሮ በታች ከ240 ዲግሪ በላይ ከሞቀ፣ የፈለገውን ያህል ብትጫነው ጋዝና ፈሳሽ ሆኖ አይለያይም። ጁፒተር ውስጥ ደግሞ የትም ቦታ ከዚያ ይሞቃል። ስለዚህ ዝም ብሎ እየታፈገ፣ እየታፈገ ይሄዳል። ፊልም ላይ የሚያሳዩት ማዕበል የሚመታው የሃይድሮጂን ባህር የለም።

እስካሁን ውስጡ ገብታ የለካች አንዲት መሣሪያ ብቻ ነች። ጋሊሊዮ የተባለችው መንኮራኩር የላከቻት መመርመሪያ። ዲሴምበር 7 ቀን 1995 በሰከንድ 47 ኪሎ ሜትር እየተምዘገዘገች ገባች። የሙቀት መከላከያዋ ግማሽ ያህሉ ተቃጥሎ አለቀ። ከዚያ ፓራሹት ዘርግታ ለ58 ደቂቃ ያህል መረጃ ላከችና ግፊቱ 22 ባር አካባቢ ሲደርስ ጸጥ አለች። የወረደችው 150 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። የጁፒተር ራዲየስ ደግሞ በወገቡ በኩል 71,492 ኪሎ ሜትር።

አልዋጥልኝም

ይኸው! እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። ከ71 ሺህ ኪሎ ሜትር 150ዋን ገቡ፣ እሷም ቀልጣ ቀረች፣ ከዚያ መሃሉ ላይ ስላለው ድንጋይ ቁጭ ብለው ይከራከራሉ። ግምት ከሆነ ግምት ነው በሉን፣ ማን ይቆጣችኋል።

ጓሮ_ቴሌስኮፕ

ልጄ ረጋ በል። ሳይገቡም የሚታወቅ ነገር አለ። ጁፒተርን በደህና አነስተኛ ቴሌስኮፕ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ክብ አይደለም። ወገቡ ሰፋ ብሎ ሰሜንና ደቡቡ ተጫን ያለ ነው። የወገቡና የዋልታው ራዲየስ በ4,638 ኪሎ ሜትር ይለያያሉ። ምክንያቱ ሽክርክሪቱ ነው፤ ያን የሚያህል ግዝፈት ይዞ በ9 ሰዓት ከ55 ደቂቃ አንድ ጊዜ ይዞራል።

ቁም ነገሩ ምን ያህል እንደተጠፈጠፈ ነው። ውስጡ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት እፍጋት ቢኖረው ኖሮ፣ በዚህ ፍጥነት እየተሽከረከረ አሁን ካለው በጣም በበለጠ ይጠፈጠፍ ነበር። አልተጠፈጠፈም። ስለዚህ ክብደቱ ወደ መሃል ሰብሰብ ብሏል ማለት ነው። ይሄን ለማወቅ ደመናውን መክፈት አላስፈለገም። ሰገነቴ ላይ ሆኜ በዓይኔ የማየውን ነው የምነግርህ።

አማካይ እፍጋቱንም ውሰድ። ጁፒተር በኩቢክ ሴንቲ ሜትር 1.33 ግራም፣ ሳተርን 0.69። ሳተርን ከውሃ ይቀላል። የድንጋይ ኳስ እንዳልሆኑ ከዚህ በላይ ማስረጃ ምን ትፈልጋለህ?

አልዋጥልኝም

ጋሼ እሱስ እሺ፣ አከብራለሁ። መሃሉ ይከብዳል፣ አለቀ። ግን «ይከብዳል» እና «እምብርቱ ሟሟ ነው» መሃል ብዙ መንገድ አለ። እሱን መንገድ ነው ያላያችሁኝ።

የምህዋር_ልጅ

መንገዱ ጁኖ ነች። በ2011 ተነሳች፣ በ2016 ደረሰች። መጀመሪያ በነበራት ምህዋር በየ53 ቀኑ አንዴ ከሩቅ ትመጣና፣ ከደመናው በላይ ከ4 እስከ 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ከፍ ብላ፣ ከሰሜን ዋልታ ወደ ደቡብ ዋልታ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ታልፋለች። ፍጥነቷ በዚያ ሰዓት በሰከንድ 58 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

አሁን ይሄን በደንብ ያዘው። ካሊፎርኒያ በረሃ ውስጥ ካለ ግዙፍ አንቴና የሬዲዮ ሞገድ ይላክላታል። እሷ ተቀብላ መልሳ ትልካለች። ወደ እኛ ስትፈጥን የሚመለሰው ሞገድ ያጥራል፣ ስትርቅ ይረዝማል። ከዚያ ላይ የምድርን ዙረት፣ የፀሐይን ስበት፣ የጁፒተርን ጨረቃዎች፣ የታወቀውን ሁሉ ይቀንሳሉ። የሚተርፈው ነገር በሰከንድ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች የሆነ የፍጥነት ለውጥ ነው። በሰከንድ 58 ኪሎ ሜትር ከምትሄድ ዕቃ ላይ! ያቺ ትርፍ ናት ወሬውን የምታወጣው። ከበታቿ ያለው ነገር ትንሽ ከከበደ ትንሽ ትፈጥናለች፣ ከቀለለ ትዘገያለች። ደጋግማ በተለያየ ቦታ ስታልፍ የስበቱ ካርታ ይወጣል።

ከካርታው የወጣ የመጀመሪያው ያልተጠበቀ ነገር ሰሜንና ደቡቡ እኩል አለመሆናቸው ነው። ዝም ብሎ የሚሽከረከር ፈሳሽ ኳስ ሰሜኑና ደቡቡ አንድ ነው መሆን ያለበት። ልዩነቱ የመጣው ከነፋሱ ነው። እነዚያ የምናያቸው ነጭና ቡናማ መቀነቶች ሰሜንና ደቡብ ላይ አይመሳሰሉም፤ ነፋሳቸው ወደ ታች ጠልቆ ብዙ ጋዝ ስለሚያንቀሳቅስ ስበቱ ላይ ይታያል። በ2018 በወጣው ስሌት ነፋሱ እስከ 3,000 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ከዚያ በታች ፕላኔቱ እንደ አንድ አካል ተያይዞ ይዞራል። ቀዩ ነቁጥ እንኳ፣ ያ ታዋቂው ግዙፍ አውሎ ነፋስ፣ ቢበዛ 500 ኪሎ ሜትር ነው የሚጠልቀው።

ቾክ_እና_ሰሌዳ

ይሄ ለክፍል የሚሆን ነገር ነው፣ ተባረክ። አንድ ነገር ግን። ነፋሱ ለምን 3,000 ላይ ይቆማል? ምን ያዘው?

የምህዋር_ልጅ

መግነጢስ። እዚያ ጥልቀት ላይ ግፊቱ 100,000 ባር አካባቢ ይደርሳል፤ ሃይድሮጂኑም ኤሌክትሪክ በትንሹ ማሳለፍ ይጀምራል። ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ፈሳሽ መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ እንደልቡ መሮጥ አይችልም፣ መስኩ ይጎትተዋል። ሳተርን ላይ ደግሞ እሱን ስትዞር የነበረችው ካሲኒ የተባለች መንኮራኩር በለካችው መሠረት ነፋሱ 9,000 ኪሎ ሜትር ድረስ ይወርዳል። ሳተርን ስበቱ ደካማ ስለሆነ ያው 100,000 ባር የሚገኘው በጣም ጠልቆ ነው። ቁጥሮቹ ሲገጥሙ ደስ ይላል።

ክብሪት

እኔ የምለው፣ ያ ሁሉ ሃይድሮጂን ተከምሮ አንድ ክብሪት ብንጭርበትስ? 😂

ጓሮ_ቴሌስኮፕ

ምንም። ለመንደድ ኦክስጅን ያስፈልጋል፣ እዚያ ነጻ ኦክስጅን የለም። ደግሞ ተሞክሯል። በጁላይ 1994 ሹሜከር-ሌቪ 9 የተባለው ጅራታም ኮከብ ከ20 በላይ ቁራጭ ሆኖ በሳምንት ውስጥ ተራ በተራ ወደቀበት። ከምድር የሚሰፋ ጥቁር ጠባሳ ጥሎ ነበር። ከዚያ ጠባሳው ደበዘዘና ጠፋ። አልነደደም።

ክብሪት

እሺ ኮከብ ለመሆንስ ትንሽ ነው የቀረው የሚሉትስ?

የምህዋር_ልጅ

«ትንሽ» ከ75 እስከ 80 እጥፍ ከሆነ አዎ 😄 ሃይድሮጂንን አዋህዶ እንደ ፀሐይ ለማብራት የጁፒተርን 75 እና 80 እጥፍ መካከል ያለ ክብደት ያስፈልጋል። የሚገርመው ያን ያህል ብትጨምርለትም ብዙ አይሰፋም። ሳተርንን ተመልከት። ጁፒተር የምድርን 318 እጥፍ ይመዝናል፣ ሳተርን 95 እጥፍ። ከሦስት እጥፍ በላይ ልዩነት ነው። በስፋት ግን ጁፒተር የሚበልጠው 20 በመቶ እንኳ አይሞላም። የጨመርከው ክብደት ሁሉ ያለውን መጫን ላይ ያልቃል።

አልዋጥልኝም

ወደ ነገራችን እንመለስ። ብረታዊ ሃይድሮጂን የሚባለውስ? ሃይድሮጂን ጋዝ ነው። ጋዝ ብረት ሆነ ስትሉኝ ዝም ብዬ ልዋጥ?

የምህዋር_ልጅ

እንዳትውጠው፣ ስምህ ነው 😀 ግን ይሄኛው እዚሁ ምድር ላይ ተለክቷል።

ሃይድሮጂን አንድ ኤሌክትሮን ነው ያለው። በተለመደው ሁኔታ ሁለት አተሞች ተጣምረው ኤሌክትሮኖቻቸውን ይጋራሉ፣ ለሌላ አይሰጡም። በጣም ስትጫናቸው ግን ሞለኪዩሎቹ እየተጠጋጉ ኤሌክትሮኑ የማን እንደሆነ ይጠፋል። ከአንዱ ወደ ሌላው በነጻ ይሄዳል። ኤሌክትሮኑ በነጻ የሚሄድበት ነገር ደግሞ ብረታዊ ነው፣ በቃ። ዩጂን ዊግነርና ሂላርድ ሀንቲንግተን ይሄን በ1935 በወረቀት ላይ ተነበዩት። እነሱ ያሰቡት ግፊት 250,000 ከባቢ አየር (ከባር ጋር የሚቀራረብ የግፊት መለኪያ ነው) ነበር፣ በጣም አሳነሱት። በ1996 ካሊፎርኒያ ሊቨርሞር ላቦራቶሪ ውስጥ ፈሳሽ ሃይድሮጂንን በድንገተኛ ምት ጨምቀው 1.4 ሚሊዮን ከባቢ አየርና 3,000 ዲግሪ ገደማ ላይ እንደ ብረት ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍ ለኩ። ከአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ፣ ግን ለኩት።

ክርክር ያለው ጠጣሩ ላይ ነው። በ2017 ሃርቫርድ የነበሩ ተመራማሪዎች በአልማዝ መሃል ጨምቀን ጠጣር ብረታዊ ሃይድሮጂን አገኘን ብለው ብዙዎች አልተቀበሏቸውም። ጁፒተርን ግን ያ ክርክር አይነካውም። ጁፒተር ውስጥ ያለው ፈሳሹ ነው፣ በጣም ስለሚሞቅ። ያ የሚዘዋወር ፈሳሽ ነው መግነጢሳዊ መስኩን የሚያመነጨው፣ ጉልበቱ ከምድር 20,000 እጥፍ ገደማ።

ሳተርን_ወዳጅ

ሁላችሁም ጁፒተር ጁፒተር እያላችሁ ሳተርን ተረሳ። ነገሩ የሚጣፍጠው ግን እሱ ጋ ነው።

መጀመሪያ ሙቀቱ። ሁለቱም ፕላኔቶች ከፀሐይ ከሚቀበሉት በላይ ሙቀት ያወጣሉ። ጁፒተር ከተወለደ ጀምሮ እየቀዘቀዘና እየተኮማተረ ስለሆነ ነው፣ ሂሳቡ በግምት ይገጥማል። ሳተርን ግን አይገጥምም። ትንሽ ስለሆነ እስካሁን ከዚህ በላይ መቀዝቀዝ ነበረበት። ተጨማሪ ሙቀት ከየት አመጣ?

በ1977 ዴቪድ ስቲቨንሰንና ኤድዊን ሳልፒተር መልሱን አስቀመጡ። ሂሊየም እየዘነበ ነው። ከ1 ሚሊዮን ባር በላይ ሃይድሮጂኑ ብረታዊ ሲሆን ሂሊየምን አብሮ መያዝ ያቅተዋል። ሂሊየሙ ጠብታ ይሆንና ወደ ታች ይወርዳል። ሲወርድ የሚያወጣው ጉልበት ነው ሙቀት የሚሆነው። ሳተርን ውስጡ ቀዝቀዝ ስለሚል ይሄ ዝናብ ቀደም ብሎ ጀምሯል፣ ይበልጥም ይዘንባል።

«ማን አየው?» ከማለትህ በፊት፣ አልዋጥልኝም፣ ያቺ ጁፒተር ውስጥ ቀልጣ የቀረችው መመርመሪያ አስታውስ። ስትወርድ የከባቢ አየሩን ይዘት ለካች። ሂሊየሙ በክብደት 24 በመቶ ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ፀሐይ ስትፈጠር ከነበራት ከ27 በመቶ በላይ ድርሻ ያነሰ። ኒዮን ደግሞ መኖር ከነበረበት አንድ አስረኛው ብቻ! ኒዮን የት ሄደ? ኒዮን ብረታዊ ሃይድሮጂንን አይወድም፣ የሂሊየም ጠብታ ውስጥ ግን ይሟሟል። ጠብታው ይዞት ወርዷል። እኔ በዚህ ዘርፍ ካነበብኩት ሁሉ ይሄን የሚያህል የሚያምር ማስረጃ አላየሁም። 150 ኪሎ ሜትር ብቻ ገብታ ከ10 ሺህ ኪሎ ሜትር በታች የሚዘንበውን ነገረችን። በ2021 ደግሞ ሮቼስተር ባለው ትልቅ ሌዘር ሃይድሮጂንና ሂሊየምን አብረው ጨምቀው ሲለያዩ አይተዋል።

አልዋጥልኝም

የኒዮኗን ወደድኳት። እሱን ተቀብያለሁ።

እምብርቱስ?

የምህዋር_ልጅ

እምብርቱ ላይ ቁጥብ መሆን ያስፈልጋል። የስበት ካርታ መሃሉን በቀጥታ አያሳይም። የውጪውን በደንብ ያያል፣ ወደ መሃል ስትሄድ ይደበዝዛል። አንድ ዓይነት ስበት የሚሰጡ ብዙ የውስጥ አወቃቀሮች መሥራት ይቻላል። ስለዚህ የሚሠሩት ነገር ማስወገድ ነው። ይሄ አይገጥምም፣ ያ አይገጥምም እያሉ።

ያልገጠመው ደግሞ የመምህሩ ጥቁር ነጥብ ነው። ከጁኖ በኋላ በ2017 የወጡት ስሌቶች ላይ የተሻለ የገጠመው ድንጋይና በረዶው (በረዶ የሚሉት ፕላኔቱ ሲፈጠር በረዶ የነበረውን ውሃና መሰሉን ነው) መሃል ላይ ተከማችቶ ሳይሆን፣ ከሃይድሮጂኑ ጋር ተቀላቅሎ እስከ ፕላኔቱ ግማሽ ራዲየስ ድረስ የተዘረጋበት ነው። ያ ድንጋይና በረዶ ከ7 እስከ 25 ምድሮች ያህል ይመዝናል ተብሎ ተገምቷል። ክልሉ ሰፊ ነው፣ አውቃለሁ።

ስኳር ጨምረህ ያላማሰልከውን ሻይ አስብ። ታች በጣም ይጣፍጣል፣ ወደ ላይ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ጣፋጩ የሚጀምርበት መስመር ግን የለም። መምህር፣ ለልጆቹ ይቺን ስጣቸው።

ለምን ይሟሟል ካልከኝ፣ ብረታዊ ሃይድሮጂን አሟሚ ነው። በዚያ ግፊትና ወደ 20,000 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት የድንጋይ ማዕድናት፣ ውሃ፣ ብረት እንኳ ውስጡ እንደሚሟሟ ስሌቶች ያሳያሉ።

ቾክ_እና_ሰሌዳ

ሻዩ ገባኝ። ግን ሻይ ትንሽ ከቆየ በራሱ ይዋሃዳል። ጁፒተር 4.5 ቢሊዮን ዓመት ሲፈላ ለምን አልተማሰለም?

የምህዋር_ልጅ

አሪፍ ጥያቄ። ፈሳሽ ከታች ሲሞቅ የሞቀው ቀልሎ ይወጣል፣ መማሰል ይመጣል። እዚህ ግን ከታች ያለው ሞቃት ብቻ ሳይሆን ድንጋይ የተሸከመም ነው። ሙቀቱ ሽቅብ ይገፋዋል፣ ክብደቱ ቁልቁል ይይዘዋል። ክብደቱ ካሸነፈ አይነቃነቅም። ስለዚህ ቅልቅሉ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ሙቀቱም እንደልቡ መውጣት ያቅተዋል፣ ውስጡ ታምቆ ይቆያል።

ጓሮ_ቴሌስኮፕ

እኔ ደግሞ ጥያቄ አለኝ። በ2019 የወጣውን አንብቤ ነበር። ጁፒተር ገና ወጣት ሳለ አሥር ምድር የሚያህል ሌላ ፕላኔት ፊት ለፊት ገጭቶት እምብርቱን በተነው የሚለውን። ለእኔ ይሄ ልብ የሚሞላ ነው። ያኔ ግጭት በሽ በሽ ነበር፣ የእኛም ጨረቃ የመጣችው ከግጭት ነው።

ሳተርን_ወዳጅ

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ በዚህ አልስማማም። አንደኛ፣ ግጭቱ እንዲሠራ ልክ መሃሉን መምታት አለበት፤ ገረፍ አድርጎ ካለፈ አይሆንም። ሁለተኛ፣ በ2025 የዱራም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መቀላቀሉን በተሻለ ዘዴ አስልተው፣ ከግጭቱ በኋላ ድንጋዩ ተመልሶ መሃል ላይ ይሰበሰባል እንጂ እንደዚያ ተበትኖ አይቀርም ብለዋል። ሦስተኛው ዋናው ነው፤ ሳተርንም እምብርቱ የተበተነ ነው። እሱንም ልክ እንዲሁ ፊት ለፊት ገጨው ልንል ነው? አንድ ጊዜ ዕድል ነው፣ ሁለት ጊዜ ግን ይበዛል።

ጓሮ_ቴሌስኮፕ

ሳተርን የተበተነ መሆኑ በምን ታወቀ? እዚያ ጁኖ የለችም።

ሳተርን_ወዳጅ

በቀለበቱ! ይሄን እንድትጠይቁኝ ስጠብቅ ነበር።

ሳተርን ሁሌም ይንቀጠቀጣል። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ቀስ ብሎ ያብጣል፣ ይሟሽሻል፣ ገጽታው በሜትር ግድም ከፍና ዝቅ ይላል። ማንም ቴሌስኮፕ አያየውም። ግን ፕላኔቱ ሲያብጥ ስበቱም አብሮ ይለዋወጣል፣ የተለዋወጠው ስበት ደግሞ ቀለበቱ ውስጥ የሚዞሩትን የበረዶ ቁራጮች ይጎትታል። ብዙውን ቦታ ጉተታው እርስ በርሱ ይጣፋል። አንዳንድ ቦታ ላይ ግን የቁራጮቹ ዙረትና የፕላኔቱ ንዝረት ሂሳባቸው ይገጥማል፤ ያኔ ጉተታው እየተደመረ ሄዶ ቀለበቱ ላይ ጥምዝምዝ ሞገድ ይሠራል።

እንዴት አዩት? ካሲኒ ቀለበቱን በመሃል አስቀምጣ ከጀርባው ያለ ኮከብ ላይ ታተኩራለች። ኮከቡ በቀለበቱ ውስጥ እየታየ ሲሄድ፣ ቁራጮቹ በታፈጉበት ይደበዝዛል፣ በሳሱበት ይደምቃል። ደብዘዝ፣ ደመቅ፣ ደብዘዝ፣ ደመቅ። ሞገዱ እዚያ ግራፍ ላይ ይወጣል። ቀለበቱ ላይ ያለው አብዛኛው ሞገድ የጨረቃዎቹ ሥራ ነው፣ ባለቤቱ ይታወቃል። ሲ (C) በሚባለው ውስጠኛ ቀለበት ላይ ግን ባለቤት የሌላቸው ሞገዶች ነበሩ። ማርክ ማርሊና ካሮሊን ፖርኮ በ1993 «እነዚህ የሳተርን የራሱ ንዝረት ሊሆኑ ይችላሉ» ብለው ነበር። ማቲው ሄድማንና ፊሊፕ ኒኮልሰን በ2013 ከካሲኒ መረጃ አረጋገጡት።

አሁን ዋናው። ውስጡ ተማስሎ ያለቀ ቢሆን አንድ ንዝረት በሚጠበቅበት ቦታ አንድ ሞገድ ነው የሚገኘው። እነሱ ያገኙት ተቀራርበው የተቀመጡ ከአንድ በላይ ሞገዶች ነው። ይሄ የሚሆነው ከውስጥ ሌላ ዓይነት ንዝረት ሲቀላቀልበት ነው። ያ ሌላው ንዝረት ደግሞ ሊኖር የሚችለው ያልተማሰለ፣ ከታች ወደ ላይ እየቀለለ የሚሄድ ቅልቅል ካለ ብቻ ነው። በ2021 ክሪስቶፈር ማንኮቪችና ጂም ፉለር አስልተው እምብርቱ እስከ 60 በመቶ ራዲየስ ይዘረጋል አሉ። ወደ 55 ምድሮች ይመዝናል፣ ከዚያ ውስጥ ድንጋይና በረዶው 17 ምድሮች ያህል ነው፣ ሌላው ሃይድሮጂንና ሂሊየም።

አልዋጥልኝም

ቀለበቱን እንደ መሣሪያ ተጠቅመው ማለት ነው። አቦ ይመቻችሁ።

ጓሮ_ቴሌስኮፕ

ልጄ፣ የሳተርኑ አሳማኝ ነው። የጁፒተሩን ግጭት ግን ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም። ሁለት ፕላኔት አንድ ዓይነት መልክ ስለያዙ አንድ ዓይነት ታሪክ አላቸው ማለት አይደለም። አንቺ ታዲያ ግጭት ካልሆነ ምን ትያለሽ?

ሳተርን_ወዳጅ

አፈጣጠሩ ራሱ ይበቃል ባይ ነኝ ጋሼ። ድሮ ይባል የነበረው መጀመሪያ አሥር ምድር ያህል ድንጋይና በረዶ ተሰበሰበ፣ ከዚያ ጋዙ መጥቶ ተከመረበት ነው። ሁለት የተለያየ ምዕራፍ። ግን ጋዙ ቀድሞ መምጣት ከጀመረ፣ በኋላ የሚወድቀው ድንጋይ መሃል ሳይደርስ መንገድ ላይ ይተንናል፣ እዚያው ጋዙ ውስጥ ይቀራል። ጋዝም ድንጋይም አብረው ለረጅም ጊዜ ሲገቡ ድንበር የሌለው ቅልቅል በራሱ ይመጣል። ይሄም ሁሉን አይመልስም። በስሌት የሚወጣው ቅልቅል ጁኖ ከምትፈልገው ጠበብ ያለ ይሆናል ብለው የሚከራከሩ አሉ።

ቾክ_እና_ሰሌዳ

እንግዲህ ስዕሉን እንዴት ላድርገው? ክቦቹን ልፋቃቸው?

የምህዋር_ልጅ

መስመሮቹን ፋቅ፣ ቾኩን በጎኑ ይዘህ እያጠቆርክ ሂድ። ከላይ ከዜሮ በታች 108 ዲግሪ ብለህ ጻፍ። 3,000 ኪሎ ሜትር ላይ «ነፋስ እስከዚህ» በል። ከ10 ሺህ ኪሎ ሜትር በታች፣ 1 ሚሊዮን ባር አልፎ፣ የሂሊየም ዝናቡንና ብረታዊ ሃይድሮጂኑን አስገባ። ከግማሽ ራዲየስ ጀምሮ ወደ መሃል ድንጋይና በረዶውን እያበዛህ ሂድ። መሃሉ ላይ ትንሽ ጠጣር ነገር ይኑር አይኑር አልተቆረጠም፣ የጥያቄ ምልክት አድርግበት። ፈተና ላይ ግን መጽሐፉ ያለውን የሚጠይቅ አለና ልጆቹን አስጠንቅቃቸው።

ክብሪት

ሳተርን ላይ አንድ ቀን ስንት ሰዓት ነው? ጉግል ሦስት የተለያየ መልስ ሰጠኝ።

ሳተርን_ወዳጅ

ሦስቱም ታሪክ አላቸው። ጁፒተር ቀላል ነው፣ መግነጢሳዊ መስኩ ከሽክርክሪት ዘንጉ 10 ዲግሪ ያህል ስላዘነበለ ሲዞር ይወዛወዛል፣ ውዝዋዜውን ትቆጥራለህ። ሳተርን መስኩ ከዘንጉ ጋር ልክ ገጥሞ ነው የተቀመጠው። ካሲኒ መጨረሻ ላይ በጣም ተጠግታ ለክታ ከ0.01 ዲግሪ ያነሰ ነው ያገኘችው። የሚወዛወዝ ነገር ከሌለ ምን ትቆጥራለህ? ቮያጀር የተባሉት መንኮራኩሮች ባለፉበት ጊዜ በሬዲዮ ምልክት 10 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ተባለ። ካሲኒ ስትደርስ ያው ምልክት 10 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ሆኖ ተገኘ፣ ፕላኔት ደግሞ በዚያች ጊዜ ውስጥ ስድስት ደቂቃ አይዘገይም። በ2019 በእነዚያው የቀለበት ሞገዶች ተሰልቶ 10 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ መጣ። እኔ የምይዘው እሱን ነው።

አልዋጥልኝም

ዩራነስና ኔፕቲዩንስ? እነሱም እንዲሁ ናቸው?

የምህዋር_ልጅ

እነሱ ሌላ ናቸው፣ ሃይድሮጂናቸው ጥቂት ነው። የተጎበኙትም አንድ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በቮያጀር 2፣ በ1986 እና በ1989፣ በመንገድ ሲታለፍ። መግነጢሳዊ መስካቸው ከዘንጋቸው 59 እና 47 ዲግሪ አዘንብሎ ከመሃል ወጣ ብሎ ተቀምጧል። እሱን ለማስረዳት የውሃውን ነገር መጀመር አለብኝ፣ አሁን ሥራ ላይ ነኝ፣ ማታ እመለስበታለሁ።